የአክስቴ ሕንድኛ

ልጄ ሰሞኑን ከእጮኛዋ ጋር የምታየው ፊልም አጥታ ስትነጫነጭ ሰነበተች። አዲሶቹ የፍቅር ፊልሞች ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኑባት መሰለኝ፣ አንድ ቀን ቁርስ ላይ፣ «ማሚ፣ እስቲ የድሮ የፍቅር ፊልም ምረጪልኝ፤ ምርጥ ምርጡን» አለችኝ። ደስታዬን ምኑን ልንገራችሁ! ይህቺ ልጅ የእኔን ነገር ሁሉ ፋራ ነው ስትል የኖረች ናት። ጫማዬ ፋራ፣ ቦርሳዬ ፋራ፣ ስልክ ሳወራ መጮኼ ፋራ። ዛሬ ጊዜ ጥሏት ምክር ፈለገች። ሻዬን አስቀምጬ፣ ጉሮሮዬን ጠረግ ጠረግ አድርጌ ጀመርኩላት።

«ስሚ። ጥሩ የፍቅር ፊልም ማለት ሁለቱ ሰዎች እጅ ለእጅ ለመያያዝ ግማሽ ፊልም የሚፈጅባቸው ነው። የአሁኖቹ ገና ስም ሳይጠያየቁ ይሳሳማሉ፤ ከዚያ በኋላ ምን ቀረኝ ብዬ ነው ቁጭ ብዬ የማየው? ደግሞ ዝናብ ያስፈልጋል። ዝናብ የሌለበትን ፍቅር እኔ አላምነውም። አንዲት እናት መታመም አለባት። መጨረሻው ላይ ሆድሽ ካልባባ ደግሞ ያ ፊልም ጊዜሽን በልቶ ሄዷል ማለት ነው።»

«እሺ ማሚ፣ ርዕሱን ንገሪኛ!»

ርዕስ! በእኛ ግቢ የሕንድ ፊልም በርዕሱ የጠራ ሰው አልነበረም። «ዓይነ ስውሯ»፣ «ጃንጥላው»፣ «ሁለቱ ወንድማማቾች» እያልን ነበር የምንጠራቸው። ማን ሠራው፣ ማን ተወነበት፣ ማን ያውቃል? ከሁሉም አስበልጬ የምወደው «የባቡሩ» ነው። ልጅቷ ባቡር ጣቢያ ቆማ ልጁን ስትሰናበተው ምን እንዳለችው ዛሬም ቃል በቃል ልነግራችሁ እችላለሁ። ለልጄ ያንን ፊልም ፈልጊ አልኳት፤ የልጅቷን የፀጉር አሠራር፣ የልጁን ጺም፣ ጣቢያው ላይ የነበረውን ትልቅ ሰዓት ሁሉ ነገርኳት። እኔ ፊልም መምከሬ ነበር። ነገሩ ግን ዞሮ ዞሮ አክስቴ ላይ አረፈ።

ያደግኩት መርካቶ፣ ሸማ ተራ ጀርባ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ግቢው አሁንም አለ፤ ማለቴ ለጥቂት ጊዜ። ለልማት ስለሚፈርስ ነዋሪው እንዲለቅ ተነግሮታል። ከድሮዎቹ ሰዎች የቀሩት አክስቴና ሐጂ ብቻ ናቸው። አክስቴ እኔ ዘንድ፣ ከከተማው ጫፍ ካለው ኮንዶሚኒየም፣ ልትገባ ነው። ሐጂ ደግሞ ወራቤ፣ ሴት ልጃቸው ዘንድ፣ ሊሄዱ ነው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ በአንድ ግቢ በር ወጥተው የገቡ ሰዎች፣ አንዱ የሌላውን ሳል እንኳ ለይቶ የሚያውቅ፣ ከዚህ በኋላ መገናኘታቸውን እንጃ። በዚህ ዕድሜ ማን ከወራቤ ተነስቶ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ሊወጣ ይመጣል?

አክስቴ እናቴ ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝ ሴት ናት። ነጠላ ትቋጫለች፤ አሁንም ጣቶቿ አልቦዘኑም። አላገባችም። ለምን ሲሏት «ፈላጊ ጠፍቶ» ትላለች። ውሸቷን ነው፤ ስንቱን ሽማግሌ ከደጃፍ እንደመለሰች እኔ ምስክር ነኝ። ሐጂ ያኔ ገና ሐጅ አልሄዱም፣ ጋሼ ነበር የምንላቸው። ብትን ጨርቅ ነጋዴ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ወንደላጤ ነበሩ። በግቢያችን ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ዴክ መጀመሪያ ያስገቡት እሳቸው ናቸው።

እሑድ መርካቶ ሱቁ ሁሉ ሲዘጋጋ ያ ሁሉ ጫጫታ ድርግም ይላል። አትክልት ተራ የሚገፉት ጋሪዎች እንኳ ድምፃቸው ይጠፋል። ክርስቲያኑ፣ እኔና አክስቴን ጨምሮ፣ ከቅዳሴ ተመልሶ ምሳውን ከበላ፣ ሙስሊሙም የቀትር ሰላቱን ከሰገደ በኋላ ሁላችንም እሳቸው ቤት እንገባለን። ሴቶቹ ምንጣፉ ላይ፣ ልጆች ከሴቶቹ ፊት፣ ወንዶች አግዳሚ ላይ፣ ባለቤቱ ደግሞ ከኋላ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ። ካሴቱን የሚመርጡት ራሳቸው ነበሩ። ሁልጊዜ የሕንድ፣ ሁልጊዜ የፍቅር። አንድ ጎረቤታችን «ምናለ አንድ ቀን እንኳ ካራቴ ብናይ?» እያለ እስኪለምን ድረስ።

አክስቴ ግን ከሁሉ ተለይታ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ፊቷን ወደ እኛ አዙራ ትቀመጣለች። አስተርጓሚያችን ናታ! ገና ኮረዳ ሳለች ከአንድ ሕንዳዊ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ተቀጥራ ሠርታ ነበር፤ ስለዚህ ሕንድኛ ትችላለች። ይህንን የተጠራጠረ ሰው ግቢያችን ውስጥ አልነበረም። ሥር ላይ ጽሑፍ የለ፣ ቢኖርስ ከመካከላችን ማን አንብቦ? እሷ ካላለች ፊልሙ ለእኛ ድዳ ነው።

ደግሞ አተረጓጎሟ! የክፉው ሰውዬ ነገር ከሆነ ምንም ያህል ቢለፈልፍ «ይሰድበዋል» ብላ ታልፈዋለች። አባትየው ግማሽ ሰዓት ሲመክር «ይመክረዋል» ነው። ልጅቷ አፏን ስትከፍት ግን አክስቴ ነጠላዋን ታስተካክልና፣ «ምን ትለዋለች መሰላችሁ…» ብላ ትጀምራለች። ልጅቷ አንድ ቃል ብላ ጨርሳ፣ ውኃ ቀድታ፣ ቤቷ ገብታ፣ አክስቴ ገና እየተረጎመች ነው። ሕንድኛ እንዴት ያለ እጥር ምጥን ያለ ቋንቋ ነው እያልን እናደንቅ ነበር! ልጁ የሚለውን ግን አጥብቃ አትተረጉምም። «እሱማ ዝም ይላል» ትላለች፤ ሰውዬው አፉ እየተንቀሳቀሰ።

እንደዚያ ስንት እሑድ ተቀመጥን። ሴቶቹ በነጠላቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ ወንዶቹ ያለቀሱ እንዳይመስሉ እየሳሉ። እኔ ስለ ፍቅር የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት እዚያ ምንጣፍ ላይ ነው። ባሌን ያገባሁትም ትንሽ ያንን የጃንጥላውን ልጅ ስለመሰለኝ ነው፤ በኋላ ሲታይ ጺሙ ብቻ ነበር የሚመሳሰለው። እነዚያን እሑዶች ሳስታውስ ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ዛሬ ሁሉም ሰው ስልኩን ይዞ ለብቻው ያለቅሳል።

«የባቡሩ»ን ያየነው ጋሼ ሊያገቡ በነበረበት ሰሞን ነው። እናታቸው ከገጠር መጥተው ከአገራቸው ልጅ መርጠውላቸው ነበር፤ ግቢው በድግስ ሽር ጉድ ላይ ነው። እሑዱ አልቀረም። ፊልሙ መጨረሻ ላይ ልጁ ባቡር ሊሳፈር ሲል ልጅቷ እየሮጠች ትደርሳለች። አክስቴ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አንስታ ወደ በሩ ተመለከተች፤ ድምፅዋም እንደ ሌላው ጊዜ አልጮኸም።

«ሂድ ትለዋለች» አለች። «አላስቀርህም። እናትህን አታሳዝን፣ የኔም ሰዎች አይወዱትም። አንድ ነገር ብቻ እወቅልኝ ትለዋለች። ጠዋት ጠዋት እንደምን አደርክ ብዬህ የማልፈው ሌላ የምልህ አጥቼ አይደለም። ብዙ አለኝ። አፌ ላይ የሚደርሰው ግን እሱ ብቻ ነው፤ እሱንም አደራ አትናቅብኝ።»

ቤቱ በለቅሶ ተናጠ። ካራቴ ይለምን የነበረው ጎረቤታችን እንኳ ወጥቶ ተናፈጠ። ጋሼ ተነስተው ዴኩን ሲያጠፉት ትዝ ይለኛል። ከሠርጉ በኋላ አክስቴ እሑድ እሑድ ራሷን ያማት ጀመር። ያለ አስተርጓሚ ምን ይታያል? ሰዉም አንድ በአንድ ቀረ። ያገቧት ሴት እንዴት ያለች ጨዋ መሰለቻችሁ፤ ረመዳን በመጣ ቁጥር መጀመሪያ ሾርባ የምትልከው ለአክስቴ ነበር። እሷም ጥቂት ዓመት ሆናት ካረፈች፤ ነፍሷን ይማርና አክስቴ ለቅሶዋ ላይ ከቤተሰብ እኩል ነው የተቀመጠችው።

እንግዲህ ልጄ ይህንን ፊልም ፈልጋ አገኘችው። የዛሬ ልጆች ምን ይሳናቸዋል! ከሥሩ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለበትን ነው ያገኘችው። እኔ ሸማ ተራ ሱቄ ቁጭ ብዬ ነጠላ ሳጣጥፍ ሳቋ ቀድሟት ከተፍ አለች።

«ማሚ፣ ጉድሽ ፈላ! እማማ ሲያታልሏችሁ ነበር!»

እማማ የምትለው አክስቴን ነው። ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ያቺ ልጅ፣ ያ ጣቢያ፣ ያ ባቡር። ልጄ ጽሑፉን እያነበበች ተረጎመችልኝ፦ «ሻሉን ረስተኸዋል፤ ባቡሩ ውስጥ ብርድ አለ። ስትደርስ ደብዳቤ ጻፍልኝ።» በቃ። ልጅቷ ሻል ሰጥታው ተመለሰች።

«የቀረውስ?» አልኳት።

«የቱ የቀረው? ይኸው ነው!»

ሳቅኩ። እውነቴን ነው፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ለሻል ነው እንዴ ያ ሁሉ ግቢ ያለቀሰው? ልጄ «ጃንጥላው»ንም አግኝታው ኖሯል፤ እሱም ውስጥ አክስቴ ካለችው አንድ ቃል የለም። ስስቅ ስስቅ ቆይቼ፣ ታዲያ ያንን ሁሉ ከየት አመጣችው ብዬ ሳስብ፣ በሩ አጠገብ የነበረው የጋሼ በርጩማ ፊቴ ድቅን አለ። እንደምን አደርክ ብዬህ የማልፈው። ክው አልኩ። ልጄ «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ ሱቁን ለእሷ ትቼ ወደ ግቢው ሮጥኩ።

አክስቴ ዕቃዋ ግማሹ ታስሮ፣ እሷ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ነጠላ ትቋጫለች። እኔ ዙሪያ ጥምጥም አልችልበትም። «አንቺ ቀጣፊ» አልኳት፣ «ለመሆኑ ሕንድኛ ትችያለሽ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ቀይ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ ከዚህ አይቀንስም። እሱን እችላለሁ።»

«ሌላስ?»

«ሱቅ ውስጥ ሌላ ምን ይባላል?»

«ታዲያ ያንን ሁሉ እሑድ ለማን ነበር የምታወሪው?»

ጣቶቿ ቆሙ። መካዷ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «ለማን እንደነበረ ካወቅሽው ምን ትጠይቂኛለሽ?» አለችኝ። ከዚያ፣ ያቺ ሽማግሌ የምትመልስ፣ ያቺ ኮስታራ ሴት፣ እንደ ልጅ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። «ሌላው ሌላው አልፏል፤ እሳቸውም ጥሩ ሴት አገቡ፣ እኔም ኖርኩ። አንድ ነገር ነው ሆዴን የሚበላኝ። ገብቷቸው ይሆን? ወይስ እንደሌላው ሰው ፊልም ነበር የሚያዩት? እሱን ሳላውቅ ከዚህ ግቢ ልወጣ ነው።»

«ጠይቂያቸዋ! ግድግዳ ነው የሚለያችሁ!»

«አብደሻል አንቺ ሴትዮ? በዚህ ዕድሜዬ? ምን ብዬ? ለሰው ትንፍሽ ብትዪ አልቀብርሽም፣ አትቀብሪኝም!» ብላ ነጠላውን ጎትታ መቋጨቷን ቀጠለች። አንጀቴን በላችው።

ትንፍሽ አልልም ብያለሁ። ግን ሐጂን ሰላም ማለት ትንፍሽ ማለት አይደለም። በማግስቱ ሱቃቸው ሄድኩ። ሱቁን እየዘጉ ስለነበር የጨርቅ ጣቃ በየጥጉ ተቆልሏል፤ እሳቸው መሀል ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ስለ መልቀቁ አወራን፣ ስለ ጉልበታቸው አወራን። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ «ልጄ እኮ የድሮ ፊልም ምረጪልኝ ብላኝ የባቡሩን አገኘችው» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። እሳቸውም ደግሞ መምረጥ ጀመሩ፤ እሱን ካየች ይሄንን ትይ፣ ከሱ ቀጥሎ ያንን። በየፊልሙ ውስጥ ልጅቷ ያለችውን በሕንድኛ ያወርዱታል። ዘፈኑን አይደለም፤ ንግግሩን። ቀጥ፣ ጥርት አድርገው።

«ሐጂ፣ ይችሉታል እንዴ ቋንቋውን?»

«ልጅ ሆኜ አጎቴ የመን፣ ኤደን ወስዶኝ አልነበር? ያደግኩት እኮ ከሕንድ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ነው። ከልጆቹ ጋር ስንጫወት፣ ስንሰዳደብ በሱ ነበር።»

«ታዲያ አክስቴ ያንን ሁሉ ስትተረጉም…»

«ጎበዝ ተርጓሚ ነበረች» አሉ ወደ ሻያቸው እያዩ።

«እንደሱ አይልም ነበር እኮ ፊልሙ!»

«አይልም።»

«ለምን አላረሟትም ታዲያ?»

«ምኑን ነው የማርመው?» አሉኝ። «የሷ ይሻል ነበር።» ቀጥለው አንዱን ጣቃ ከዚህ ወደዚያ አንስተው አስቀመጡ፤ የነበረበት ቦታ ምንም ክፋት አልነበረውም። ጨዋታው ማለቁ ገባኝና ተነሳሁ። ከሱቁ እስከ አብነት ታክሲ መያዣ ድረስ የሄድኩት በእግሬ ይሁን በአየር አላውቅም። እሳቸው ሁሉንም ያውቃሉ። እሷ ማወቃቸውን አታውቅም። እኔ ደግሞ አትናገሪ ተብያለሁ፤ እኔ፣ አፌ የማያርፈው! ሌሊቱን ሁሉ እንደ ቁርጠት ይዞኝ አደረ። ብነግራት ከኔ አፍ ሰማች እንጂ ከሳቸው አልሰማች። እሱ ደግሞ ምን ይጠቅማታል?

እሑድ ለመሰነባበቻ አንድ ፊልም አብረን እንይ ብዬ ሁለቱንም አስማማሁ። የሐጂ ቤት ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ቴሌቪዥኑም ተጭኖ ሄዷል። ልጄ ላፕቶፗን አንድ የታሰረ ጆንያ ላይ አስቀመጠች። ለሐጂ ቴምር፣ ለአክስቴ ቆሎ ገዝቼ መጥቻለሁ። አክስቴ አዲሱን ነጠላዋን ለብሳለች፤ ሐጂ ሸሚዛቸው ተተኩሷል። ፊልሙ የቱ እንደሆነ አልነገርኳትም። የመጀመሪያው ሥዕል ሲመጣ አወቀችውና በክርኗ ጎኔን ደለቀችኝ።

ከሥር ጽሑፉ ሲመጣ ሐጂ፣ «ይሄንን አጥፊው የኔ ልጅ፤ ዓይን ያደክማል። እኛ ተርጓሚ አለን» አሏት።

«ተውኝ ሐጂ» አለች አክስቴ፣ «ስንት ዘመኑ! ረስቼዋለሁ።» ፊልሙ እንዲሁ ድዳ ሆኖ ሄደ፤ ዘፈኑ መጣ፣ ዝናቡ መጣ፣ እናትየዋ ታመመች። ባቡር ጣቢያው ሲመጣ አክስቴ አንገቷን ሰበረች። ልጅቷ እየሮጠች ደረሰች፤ ሻሉን ሰጠችው፤ አፏ ተንቀሳቀሰ። ማንም አልተረጎመም። አለቀ፣ ከሸፈብኝ አልኩ በሆዴ።

ያኔ ልጁ መናገር ጀመረ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ምን ይላታል መሰላችሁ» አሉ።

አክስቴ ቀና አለች።

«ሰምቻለሁ ይላታል። አንድም አላመለጠኝም። የመጀመሪያው ቀን ነው የገባኝ፤ ከዚያ ወዲህ ካሴት ሳመላልስ የኖርኩት ፊልም ወድጄ አይደለም ይላታል፤ አንቺ ምን እንደምትዪ ልስማ ብዬ ነው። ዝም ያልኩት ስላልገባኝ አይደለም። እናቴ አለች፣ ያንቺ ሰዎች አሉ፤ አንቺን ይዤ የትም ብሄድ ከሁለቱም ቤት የምታለቅሽው አንቺ ነሽ ብዬ ነው። ያገባኋትንም ሴት አልበደልኳትም፣ አላህ ያውቃል። እንደምን አደርክ ያልሽኝን ግን አንዱንም አልናቅኩም ይላታል። በራፌን የምከፍተው እሱን ሰምቼ ነበር።»

ባቡሩ ከሄደ ቆይቷል። ላፕቶፑ ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ ስለ ሻንጣ ይሁን ስለ ምን ከተሸካሚ ጋር ይጨቃጨቃል። ሐጂ ግን ገና እየተረጎሙ ነው። ልጄ እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛዋለች፤ ያች ሁሉን ፋራ የምትል ልጅ ጉንጯ ርሷል።

አክስቴ ሐጂን እያየች፣ «ፊልሙ ላይ እንዲህ ይላል?» አለች።

«ይላል።»

«ድሮ አይልም ነበር።»

«ድሮም ይል ነበር» አሉ ሐጂ። «የሚተረጉምለት አጥቶ ነው።»

አክስቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፣ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞረችና፣ «መልሺው እስቲ የኔ ልጅ» አለቻት፤ «ደህና አድርጌ አልሰማሁትም።»

ልጄ ወደ ኋላ መለሰችው። ባቡሩ ተመልሶ ጣቢያ ቆመ፤ ሐጂም በርጩማቸውን ትንሽ ጠጋ አድርገው እንደገና ከመጀመሪያው ተረጎሙላት፤ አሁን ረዘም አድርገው።